አንድ ባዶ ወረቀት ለምን ይፈራል?

ጊዜው ኤፕሪል 2020 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮሮና ዓለምን ቤት ዘግቶባታል፤ የፈተና ማዕከላትም ተዘግተዋል። ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሚጠየቀውን ጂማት የተባለ ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት ፈተናውን ሰዎች ቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር እንዲወስዱት ፈቀደ። ተፈታኙ ክፍሉን በካሜራ እያዞረ ያሳያል፣ ጠረጴዛውን ባዶ ያደርጋል፣ በሩን ይዘጋል። ባሕር ማዶ ያለ ፈታኝ ደግሞ በስክሪን ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተለዋል። እስከዚህ ድረስ ለዚያ ዘመን እንግዳ ነገር የለም። እንግዳው ነገር ወረቀትና እርሳስ መከልከሉ ነበር።

ለስሌት የተሰጠው በስክሪኑ ላይ የሚከፈት ሰሌዳ ብቻ ነው። ቁጥሩን በኪቦርድ መጻፍ፣ መስመሩን በማውዝ መጎተት። የሒሳቡ ክፍል በዚያን ጊዜ 31 ጥያቄ በ62 ደቂቃ ነበር፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። ሁለት ቧንቧዎች አንድ ጋን በስንት ሰዓት ይሞላሉ የሚል ጥያቄ ፊቱ የተደቀነበት ሰው ክፍልፋዩን በማውዝ ለመሣል ሲታገል ደቂቃው ያልቅበታል። ዘዴውን ያውቀዋል፣ የሚጭርበት ግን የለውም።

ቅሬታው ወዲያው ጎረፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጁን 2020፣ ድርጅቱ ሐሳቡን ቀየረና በእጅ የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ ከማርከርና ከማጥፊያ ጋር ፈቀደ። ልብ ማለት የሚገባው፣ የተመለሰው ወረቀት አይደለም። የተመለሰው የተጻፈበት ሁሉ በአንድ ጨርቅ ጠረግ ሲደረግ የሚጠፋ ሰሌዳ ነው።

ተማሪው በተለምዶ «ራፍ» የሚለው ይህ የረቂቅ ወረቀት በፈተና ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ትንሹ ነገር ይመስላል። ስለ ጥያቄው፣ ስለ መልሱ፣ ስለ ኩረጃው፣ ስለ ማለፊያ ነጥቡ ብዙ ተብሏል፤ ስለ እሱ ግን የሚያወራ የለም። ሆኖም ፈተና አውጪዎች ተፈታኙን ምን ያህል እንደሚያምኑት፣ ከተፈታኙም ምን እንደሚፈልጉ ለማወቅ ይህ ወረቀት በየዘመኑ ምን እንደተደረገበት ማየት ይበቃል። አንድ ጊዜ ምስክር ነበር። ቀጥሎ ቆሻሻ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ተጠርጣሪ ነው።

ምስክር የነበረው በቻይና ነው። ከሰባተኛው መቶ ዘመን መባቻ አካባቢ ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ፣ 1,300 ዓመት ያህል፣ ቻይና ሹማምንቷን በጽሑፍ ፈተና ትመርጥ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ አልነበረም፤ የመንግሥት መግቢያ ነበር። ነገር ግን ዛሬ የምናውቀው የመግቢያ ፈተና ጠባይ ሁሉ፣ የፍተሻው ወረፋ፣ የተቆለፈው አዳራሽ፣ የቤተሰብ ጭንቀት፣ ዕድሜን በመፈተን መጨረስ፣ እዚያ ነበረ።

ናንጂንግ የነበረው የፈተና ቅጥር ግቢ ከ20 ሺህ በላይ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ክፍል ማለት ማጋነን ነው፤ በር የለውም፣ ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ። ውስጡ ሁለት ሳንቃ አለ። ቀን አንዱ መቀመጫ፣ አንዱ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሌሊት ሁለቱ ተጋጥመው አልጋ ይሆናሉ። የክፍለ ሀገሩ ፈተና በሦስት ዙር የሚሰጥ ሲሆን፣ ተፈታኙ በየዙሩ ምግቡን፣ ሻማውን፣ ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ ገብቶ ይቆለፍበታል። መግቢያው ላይ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ይፈተሻል። በ18ኛው መቶ ዘመን የወጡ ደንቦች የቀለም መበጥበጫው ድንጋይ ወፍራም እንዳይሆን፣ የብሩሹ እጀታ ውስጡ የሚታይ እንዲሆን፣ የያዘው ቂጣና ኬክ ሳይቀር እየተቆረጠ እንዲታይ ያዝዙ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ አጤሬራ አልጠፋም። በብጣቂ ወረቀት ብቻም አልቀረም፤ የጥንት መጻሕፍት በጥቃቅን ፊደል ከላይ እስከ ታች የተጻፉባቸው የውስጥ ልብሶች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ያንን ሸሚዝ ለመጻፍ የፈጀው ጊዜ መጽሐፉን ለማጥናት አይበቃም ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

እንዲህ በጥርጣሬ የታጠረ ሥርዓት ለረቂቅ ወረቀት ምን ቦታ ሰጠው? ትልቅ ቦታ። በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ደንብ መሠረት ተፈታኙ መልሱን በንጹሕ ገጽ ላይ አሳምሮ ከመገልበጡ በፊት ረቂቁን እዚያው በተሰጠው ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ሁለቱንም ያስረክባል። ንጹሑም ረቂቁም ተሟልተው ካልተገኙ ጥፋት ነው። ተፈታኙ ከፈተናው ይሰረዛል፣ ስሙም ከተሰረዙት ጋር በአደባባይ ይለጠፋል። በንጹሑ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስንት ፊደል እንደጨመረና ስንት እንደሰረዘ ቆጥሮ መጻፍ ነበረበት።

አመክንዮው ግልጽ ነው። ከውጭ የተዘጋጀ ጽሑፍ በድብቅ ያስገባ ሰው ንጹሕ ጽሑፍ ይኖረዋል እንጂ የመንገላታቱ ፋና የለውም። ሐሳቡን ጀምሮ የተወበት፣ ቃሉን ሰርዞ የለወጠበት፣ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ እንደገና ያቀናበት ቦታ በሐሰት ለመሥራት ይከብዳል። ስለዚህ ረቂቁ ተፈታኙ ራሱ እንዳሰበ የሚመሰክርለት ወረቀት ነበር። ዳኛ ፊት የሚቀርብ ሰነድ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጥንቃቄም የዚያኑ ያህል ነው። የተፈታኙ ስም ይሸፈናል። በጥቁር ቀለም የጻፈው ወረቀት ለጸሐፊዎች ተሰጥቶ በቀይ ቀለም ይገለበጣል። አራሚዎቹ የሚያነቡት ቀዩን ቅጂ ብቻ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ አይተው ወዳጃቸውን እንዳይለዩ። ዋናው ጥቁር ጽሑፍ ለማመሳከሪያ ይቀመጣል።

ታዲያ ትልቁ ቅሌት ከየት መጣ? በ1858 በቤጂንግ በተሰጠው ፈተና የተገኘው ማጭበርበር መነሻው የተፈታኝ ሸሚዝ አልነበረም። ነገሩ እስከ ዋናው ፈታኝ ደረሰ። ቦ ጁን የተባለው ይህ ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ሲሆን በ1859 በሞት ተቀጣ። በር ላይ የተማሪውን ቂጣ የሚቆርጠው ወታደር ያንን ሊያገኘው አይችልም ነበር።

የቻይና ፈተና ወሬ አውሮፓ ሲደርስ እንግሊዞች ከሁሉም በላይ ልባቸውን ሰጡት። በ1854 ለፓርላማ የቀረበው የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ሪፖርት የመንግሥት ሠራተኛ በዝምድና መቀጠሩ ቀርቶ በውድድር ፈተና እንዲመረጥ ሐሳብ አቀረበ፤ በዓመቱ ለህንድ አስተዳደር የሚመለመሉ ሹማምንት በግልጽ ውድድር መፈተን ጀመሩ። ተቺዎቹ ነገሩን የቻይና ነገር እያሉ ያንኳስሱት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከቃል ክርክር ወደ ጽሑፍ ፈተና ዞሩ። በዚህ ባህል ውስጥ የሒሳብ ተፈታኝ አሠራሩን ያሳያል፣ መልሱን ቢስት እንኳ ለሄደበት መንገድ ነጥብ ያገኛል። ረቂቁን በመልስ ደብተሩ ውስጥ ይሠራና በላዩ ላይ መስመር ያሰምርበታል። አራሚው ያየዋል፤ ግን እንዳላየ ያልፈዋል። የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የለንደንን ፈተና ይወስዱ ነበር፤ እስከ ዛሬ በቤተሰብ አፍ «ማትሪክ» የሚባለው ቃል ከዚያው ባህል የተገኘ ነው።

ረቂቁን ወደ ቆሻሻነት ያወረደው አሜሪካ ነው። ጁን 23 ቀን 1926 ወደ 8,000 የሚጠጉ ወጣቶች ኤስኤቲ የተባለውን አዲስ ፈተና ተቀመጡ። የፕሪንስተኑ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ብሪገም ያዘጋጀው ይህ ፈተና 315 ጥያቄዎችን በ97 ደቂቃ የሚያስጨርስ ነበር። ለአንድ ጥያቄ 20 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊት የነበረው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ድርሰት ያስጽፍ፣ ትርጉም ያስተረጉም፣ ሒሳብ ከነአሠራሩ ያሠራ ነበር። አዲሱ የሚፈልገው ምልክት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማሽኑ መጣ። ሬይኖልድ ጆንሰን የተባለ የሚሺጋን የሁለተኛ ደረጃ መምህር የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ያውቅ ነበር። ይህን ያወቀው በልጅነቱ እህቶቹን ሊጠይቁ የሚመጡ ጎረምሶች መኪናቸው እንዳይነሳ ካንዴላው ላይ በእርሳስ እየጫረ ሲያበሽቃቸው ነው ይባላል። አይቢኤም ሐሳቡን ገዛው፤ በ1938 መልስ መስጫ ወረቀትን በኤሌክትሪክ የሚያርም ማሽን ለገበያ ቀረበ። ከዚህ በኋላ የፈተና ወረቀት ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ማሽኑ የሚያነበው መልስ መስጫ ነው፤ አንዲት የባዘነች ጭረት እንኳ አይፈቀድበትም። ሌላው የጥያቄው ደብተር ነው፤ ተማሪው በኅዳጉ ላይ እንዳሻው ይጭርበታል፣ ያሰምርበታል፣ ይደምርበታል። ያንን ግን ማንም አያነበውም። ፈተናው ሲያልቅ ተሰብስቦ ይሄዳል።

ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። አንድ ወጣት ሦስት ሰዓት ያሰበው ሁሉ ደብተሩ ላይ ቀርቶ ከእሱ የሚወሰደው ጥቂት ደርዘን ጥቋቁር ነጥቦች ሆኑ። ያወቀውም የገመተውም በማሽኑ ዓይን አንድ ናቸው። በሌላ በኩል ግን ሚሊዮኖችን በአንድ ቀን መፈተንና በሳምንታት ውስጥ ማረም ያስቻለው፣ የአራሚን ፊት አይቶ ማድላትን ያስቀረው ይኸው ማሽን ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በርካታ አገሮች የተከተሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ድርሰት በእጅ ማረም የሚችል አገር ጥቂት ነው።

ሆኖም በዚያ ዘመን ረቂቁ ቢናቅ እንጂ አልተጠረጠረም። ጥያቄው ራሱ ወረቀት ላይ ነበረና ቦታው አብሮት ይመጣ ነበር። የጂኦሜትሪው ሥዕል ላይ ተማሪው ማዕዘኑን ይጽፍበታል፣ ከምንባቡ ሥር ያሰምራል፣ ስህተት ነው ያለውን ምርጫ ይሰርዛል። ተጨማሪ ወረቀት ማደል አያስፈልግም።

ጥርጣሬው የመጣው ወረቀቱን ስክሪን ሲተካው ነው። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚጠየቀው ጂአርኢ በ1993 ከተፈታኙ ችሎታ ጋር ራሱን የሚያስተካክል የኮምፒውተር ፈተና ሆነ፤ ጂማት በ1997 ተከተለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተፈታኙ ሲመልስ ኮምፒውተሩ ከበድ ያለ ጥያቄ ያመጣለታል፣ ሲስት ቀለል ያለ። ለዚህ የሚሆነው ከትልቅ የጥያቄ ክምችት የሚቀዳ ነው። ክምችቱ ለአንድ ቀን ተሠርቶ የሚጣል አይደለም፤ ዛሬ አንዱ ያየው ጥያቄ ነገ ለሌላው ይቀርባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ንብረት ሆነ፣ ይጠበቅ ጀመር። ኅዳግ ያለው ደብተር ስለሌለ ደግሞ ለተፈታኙ የተቆጠረ ባዶ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ተቆጥሮ ይመለሳል። በ2006 የጂማት ማዕከላት እሱንም ትተው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ካሬ መስመር ያለው ቢጫ ሰሌዳና ማርከር ማደል ጀመሩ። ሞልቶበት ሌላ የፈለገ እጁን አንሥቶ፣ የያዘውን አስረክቦ ይለውጣል።

ፍርሃቱ መሠረት የለሽ አልነበረም። ጥያቄ ይወጣ ነበር። ግን በምን ወጣ?

በ1994 መጨረሻ ካፕላን የተባለው የፈተና ማሰልጠኛ ድርጅት ሠራተኞቹን ልኮ የኮምፒውተሩን ጂአርኢ አስፈተናቸው። ከአዳራሹ ሲወጡ በጭንቅላታቸው የያዙትን ጥያቄ ተቀምጠው ጻፉ። ካፕላን ያንን ይዞ ለፈተና አውጪው ለኢቲኤስ አሳየ፤ ክምችታችሁ ጠባብ ነው፣ እዩት አለ። ኢቲኤስ ፈተናውን ለጊዜው አቋረጠ፣ ካፕላንንም ከሰሰ። በ2002 ደግሞ በቻይንኛና በኮሪያኛ ድረ ገጾች ላይ ተፈታኞች በቃላቸው ይዘው የወጡት ጥያቄ ከነመልሱ ተደርድሮ ተገኘ። ኢቲኤስ በቻይና፣ በታይዋንና በደቡብ ኮሪያ የኮምፒውተሩን ጂአርኢ ሰርዞ ወደ ወረቀት ፈተና ተመለሰ። በ2008 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የጂማት ጥያቄዎችን በክፍያ ያሳይ በነበረው ስኮርቶፕ በተባለ ድረ ገጽ ላይ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። የስኮርቶፕን ጥያቄ ያቀብሉ ከነበሩት መካከል ፈተናውን ወስደው ያዩትን አስታውሰው የሚጽፉ ነበሩ።

በእነዚህ ጉዳዮች ጥያቄውን ያወጣው ጭንቅላት ነው። ጭንቅላትን ደግሞ በር ላይ ቆጥሮ መረከብ አይቻልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ጥፋቱ ጥያቄን ደጋግሞ መጠቀም ነበር፤ ሰፊ ክምችት ማዘጋጀት ውድ ስለሆነ ብዙ ቀን በጠባብ ክምችት ተሠራ። ወረቀቱ ግን ርካሽ ተጠርጣሪ ነውና የቁጥጥሩ ክብደት እሱ ላይ አረፈ።

በ2020 ፈተናው ቤት ሲገባ ነገሩ ጫፍ ደረሰ። ቤቱ ተቀምጦ ጂአርኢ ወይም ቶፍል የሚፈተን ሰው ተራ ወረቀት አይፈቀድለትም። ነጭ ሰሌዳ ይይዛል፣ ወይም ወረቀቱን በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ በሚጠፋ ማርከር ይጽፋል። ሲጨርስ ጠርጎ ባዶውን ለካሜራ ያሳያል። ወደ አሜሪካና አውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያንም የሚገጥማቸው ሕግ ይኸው ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የናንጂንጉ ተፈታኝ ረቂቁ ጎድሎ ቢገኝ ከፈተና ይሰረዝ ነበር። የዛሬው ረቂቁን ካላጠፋ ሕግ ጣሰ ይባላል።

ልዩነት እንዳለ አይካድም። የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሆነው ኤልሳት በዚያው በ2020 ከቤት ሲሰጥ አምስት ባዶ ወረቀት ፈቅዶ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ሰማይ አልተደፋም። ዛሬ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የሚሰጠው ኤስኤቲም ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር በስክሪኑ ውስጥ አስገብቶ ሳለ፣ በአዳራሹ ባዶ ወረቀት ያድላል፤ በኋላ ይሰበስባል። በቻይናም በ2024 ከ13 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች የተመዘገቡበት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ረቂቅ ወረቀት ራሱ ያድላል፣ ራሱ ይሰበስባል። አያቶቻቸው የሚያስረክቡት ረቂቅ ማስረጃ ነበር፤ የእነሱን ግን አርሞ ነጥብ የሚሰጥ የለም።

ወረቀቱ ያን ያህል ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ያገራችን የቅኔ ተማሪ ምን ወረቀት ነበረው? ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው፤ ቤቱን መትቶ፣ ምስጢሩን ሰውሮ፣ ለመምህሩ ነገራ ሲገባ የሚያቀርበው በቃሉ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ትልቅ ጥበብም ነው። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ጥላ ሥር ወይም ዱር ገብቶ ለመቁጠር ሰፊ ጊዜ አለው፣ መምህሩም እያረመ ያቀናዋል። ሁለት ደቂቃና የሚቆጥር ሰዓት አልተሰጠውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር እንደሆነ ጽፏል፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት አካባቢ አውርደውታል። ሦስት እኩልታ ያለው ጥያቄ ይህን ቦታ ወዲያው ይሞላዋል። የሚጭርበት የሌለው ተፈታኝ በዚያ ሰዓት የሚፈተነው ሒሳብ ሳይሆን የመያዝ አቅሙ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሜይ 2016 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ፤ የትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን በሙሉ ሰረዘ፣ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች እንደገና እንዲቀመጡ ተደረገ። ያንን ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ በራፍ ላይ የገለበጠ ተማሪ ሊሆን አይችልም፤ ፈተናው ገና አልተጀመረም ነበርና። ወረቀቱ የወጣው አዳራሹ ከመድረሱ በፊት ነው። ቦ ጁንን ያስታውሷል።

ከዚያ በኋላ ጥበቃው ከዓመት ዓመት ጠነከረ። በኦክቶበር 2022 ተማሪዎች ከየቤታቸው ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ፣ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አገር ደነገጠ። በ2024 የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒውተር ወሰዱ፤ የዚያ ዓመት ውጤት 5.4 በመቶ ነበር። አሁን መንገዱ ወደ ኮምፒውተር ነው። ምክንያቱም ይገባል፦ የማይታተምና በመኪና የማይጓዝ ፈተና መንገድ ላይ አይሰረቅም። ለ2016ቱ ዓይነት ሌብነት ይህ ቀጥተኛ መልስ ነው።

ነገር ግን የጥያቄው ደብተር ሲጠፋ ኅዳጉም አብሮ ይጠፋል። ፊዚክስ የሚፈተን ልጅ የኃይሉን ቀስቶች የሚሥልበት፣ ኬሚስትሪውን የሚያመጣጥንበት፣ ሒሳቡን የሚያወርድበት ያ ባዶ ቦታ በስክሪን ላይ የለም። ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ይዞ ያደገው ልጅ በዚህ ብዙም አይጎዳም፤ ዓይኑ ከስክሪን፣ እጁ ከማውዝ ጋር ለምዷል። ኮምፒውተር ክፍል ከሌለው ትምህርት ቤት የመጣው፣ ምናልባት ማውዝ የጨበጠው ከፈተናው በፊት በተሰጠ አጭር ልምምድ ብቻ የሆነው ልጅ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰበው በእስክርቢቶ ነው። ማሰቢያው እጁ ላይ ነው። ለእሱ ያቺ ባዶ ወረቀት ከተፎካካሪው ጋር እኩል የሚያቆመው ብቸኛ ዕቃ ልትሆን ትችላለች።

ስለ ፈተናው በየመድረኩ ሲወራ የሚነሱት ሰርቨሩ፣ ኔትወርኩ፣ ጄኔሬተሩና የኮምፒውተሩ ብዛት ናቸው። ይነሱ፣ ይገባቸዋል። ከእነሱ ሥር ግን ዋጋቸው እዚህ ግባ የማይባል፣ መመሪያ ላይ በሁለት መስመር የሚያልቁ ጥያቄዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ስንት ባዶ ወረቀት ይሰጣል? ሲያልቅበት ይጨመርለታል ወይስ እንዲቆጥብ ይነገረዋል? በሁሉም ማዕከል አንድ ዓይነት ነው ወይስ በፈታኙ ፈቃድ? ወረቀቱ ላይ ስሙን ጽፎ ነው የሚመልሰው? ተማሪውስ ይህን የሚሰማው መቼ ነው፣ ከወራት በፊት በትምህርት ቤቱ ወይስ ስክሪኑ ፊት ከተቀመጠ በኋላ?